ጠመንጃው ሕግ አላጣም፤ ሕጉም ቀዳዳ አላጣም!

(ስለ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግና ስለ ጅምላ ግድያ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሰው አገር ጉዳይ ልናገር ስነሳ «የራስህን ደጅ ሳትጠርግ የጎረቤትን ጓሮ ምን አሳየህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ዋሽንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ዳላስ ወይም ሲያትል ውስጥ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የሌለው ከመካከላችን ስንት ነው? በዲቪ የሸኘናቸው ልጆች ዛሬ ወልደው ከብደዋል። የልጅ ልጆቻችን እዚያ ትምህርት ቤት ሲገቡ ከፊደል እኩል «ተኳሽ ከመጣ በር ቆልፉ፣ መብራት አጥፉ፣ ትንፍሽ እንዳትሉ» የሚል ልምምድ ይማራሉ። እንግዲህ ይሄ የሰው ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል?

እኛ ዘንድ ስለ አሜሪካ ጠመንጃ ሲወራ ሁለት ነገር ይደጋገማል። አንዱ «እዚያ ሕግ የለም፤ መሣሪያ እንደ ዳቦ ይቸረቸራል» ይላል። ሌላው «መንግሥታቸው የሚፈራቸው እኮ ስለታጠቁ ነው» ይላል። ዛሬ የምከራከረው ከሁለቱም ጋር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ሕግ አለ፤ ያውም ብዙ። በ1934 በመትረየስ ላይ ከባድ ግብርና ምዝገባ ተጣለ። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በፖስታ ታዝዞ በተገዛ ጠመንጃ ተገደሉ፤ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ተከተሉ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ግለሰብ ጠመንጃ በፖስታ አዝዞ ከሌላ ግዛት እንዳያስመጣ ከለከለ። በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ላይ በተከፈተው ተኩስ ቃል አቀባያቸው ጄምስ ብሬዲ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ዕድሜ ልካቸውን ለአካል ጉዳት ተዳረጉ። በስማቸው የተጠራው የ1993 ሕግ ከነጋዴ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የኋላ ታሪኩ እንዲጣራ አዘዘ። በ1994 ደግሞ የጦር ሜዳ ዓይነት ጠመንጃዎችና ብዙ ጥይት የሚጎርሱ ካዝናዎች ለአሥር ዓመት ታገዱ።

ልብ በሉ፤ ለአሥር ዓመት! ሕጉ የተወለደው የሞቱ ቀን በግንባሩ ተጽፎለት ነው። በ2004 ቀኑ ደረሰ፣ ኮንግረስ ዝም አለ፣ ሕጉ ሞተ። የአሜሪካ ችግር የሕግ እጦት ሳይሆን እያወቁ የተዉት ቀዳዳ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። የ1993ቱ ሕግ ማጣራቱ በሦስት የሥራ ቀን ካላለቀ ነጋዴው መሸጥ ይችላል ይላል። በ2015 ቻርልስተን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ሊያጠኑ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡ ዘጠኝ ጥቁር ምእመናንን የፈጀው ወጣት ሽጉጡን ያገኘው በዚችው ቀዳዳ ሾልኮ ነው። ሦስቱ ቀን አለፈ፣ መልስ አልመጣም፣ ሽጉጡ ተሸጠ።

ሁለተኛ፤ ይህ ሕግ የሚይዘው ፈቃድ ያለውን ነጋዴ ነው። ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ የፌዴራሉ ሕግ ማጣራት አይጠይቅም። ክፍተቱን በራሳቸው ሕግ የደፈኑ ግዛቶች አሉ፤ ያልደፈኑም ሞልተዋል። ካልደፈነው ግዛት የተገዛ ሽጉጥ ደግሞ ወደ ደፈነው ሲሻገር ቪዛ አይጠየቅም!

ሦስተኛ፤ የ1986 ሕግ የፌዴራል መንግሥት የባለ መሣሪያዎችን መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። ወንጀል የተሠራበት ጠመንጃ የማን እንደሆነ ፖሊስ ሲጠይቅ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ማርቲንስበርግ የሚገኘው የመከታተያ ማዕከል ሠራተኞች የተዘጉ ሱቆችን ሰነድ ገጽ በገጽ እያገላበጡ ይፈልጋሉ። በስም የሚፈለግበት መዝገብ ማደራጀት ክልክል ነዋ! ጨረቃ ላይ ሰው ያወጣ አገር ነው እንግዲህ ይሄ።

አራተኛ፤ ዕድሜ። በ2022 ዩቫልዲ በተባለች የቴክሳስ ከተማ 19 ሕፃናትና ሁለት መምህራንን የገደለው ልጅ 18 ዓመት እንደሞላው ጠመንጃዎቹን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ነው። ታጣቂ ክፉን ሰው የሚያቆመው ታጣቂ ደግ ሰው ነው ለሚሉን፣ ያን ዕለት ከ370 በላይ የታጠቁ የሕግ አስከባሪዎች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው ነበር። ገዳዩ እስኪገደል ግን 77 ደቂቃ ፈጀ።

ታዲያ ቀዳዳው ለምን አይደፈንም? በታኅሣሥ 2012 ሳንዲ ሁክ በተባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና ስድስት ትልልቅ ሰዎች ተገደሉ። በሚያዝያ 2013 የማጣራቱን ሥራ ወደ ግለሰብ ሽያጭ የሚያሰፋ ረቂቅ ሴኔት ቀረበ። 54 ደገፉት፣ 46 ተቃወሙት፣ ረቂቁ ወደቀ! ክርክሩን ዘግቶ ለማለፍ 60 ድምፅ ያስፈልጋላ። ያውም ስድስት መቶ ሺህ ሰው የማይሞላባት ዋዮሚንግም ሁለት ሴናተር፣ አርባ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያም ሁለት ሴናተር ባላቸው ምክር ቤት ነው።

ፍርድ ቤቱም አለ። በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ስለ ሚሊሺያም ስለ መታጠቅ መብትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። የእኛ ሰው መናኸሪያ የሆነችው ዋሽንግተን ከ1976 ጀምራ ሽጉጥ ከልክላ ነበር። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መብቱ የግለሰብ ነው ብሎ 5 ለ4 ሻረባት። በ2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ 60 ሰው ያለቀበት ጠመንጃ እንደ መትረየስ እንዲተፋ የሚያደርግ መግጠሚያ ነበረው። መንግሥት በ2018 አገደው፤ ፍርድ ቤቱ በ2024 እገዳውን 6 ለ3 አነሳው። አንዱ እጅ ሲሰፋ ሌላው ይተረትራል ማለት ይሄ ነው።

የውጭ ሰው ነኝና ሚዛን መጠበቅ አለብኝ። ፖሊስ ለመድረስ ሰዓት በሚፈጅበት ገጠር የሚኖር አሜሪካዊ ጠመንጃ ሲይዝ አልፈርድበትም። ከባርነት የወጣውን ጥቁር በደቡብ ግዛቶች መጀመሪያ መሣሪያ ያስፈቱት ጨቋኞቹ እንደነበሩም አልረሳም። ደግሞም ካሜራ የሚሮጥለት ጅምላ ግድያ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። በ2021 በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በገዛ እጃቸው የጠፉ ናቸው። ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ ለሚሞተው ጋዜጠኛ አይሰበሰብም። የስደትን ብቸኝነት የምታውቁ ይሄን ቁጥር አትለፉት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወሬ። በ2017 በተደረገ ግምት በአሜሪካ ሲቪሎች እጅ 393 ሚሊዮን መሣሪያ አለ፤ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። ለመሆኑ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን በ1974 ከሥልጣን ያስለቀቃቸው የትኛው ጠመንጃ ነው? ያስለቀቃቸው የማይታክት ጋዜጣ፣ የሚጠይቅ ምክር ቤትና የድምፅ ቅጂዎቹን አምጣ ብሎ ያዘዘ ፍርድ ቤት ነው። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም።

ጠመንጃ ነጻነትን ቢጠብቅ ኖሮማ ከእኛ በላይ ነጻ ሕዝብ ባልተገኘ ነበር! በየጎጆው ምሰሶ ምንሽር ሰቅሎ የኖረ ገበሬ መሬቱን ከባላባት አላዳነም፤ በደርግ ጊዜ ልጁን ከአፈሳ አላዳነም። ጠመንጃ እዚህ አገር መንግሥት ጥሏል፤ ግን በጠመንጃ የመጣው ሁሉ በጠመንጃ ነው የተቀመጠው። እኛ የጎደለን መሣሪያ አይደለም። የጎደለን ባለሥልጣንን የሚያዝዝ ዳኛ፣ ሳይፈራ የሚጽፍ ጋዜጣና በትክክል የሚቆጠር ድምፅ ነው።

ቨርጂኒያን ተመልከቱ፤ ወገኖቻችን በብዛት የሰፈሩባትን። በ2019 ቨርጂኒያ ቢች ውስጥ 12 ሰዎች ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት መራጩ የምክር ቤቱን አብላጫ ለወጠ። በጥር 2020 በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ጠመንጃቸውን አንግበው፣ ዋና ከተማዋን ሪችመንድን አጥለቀለቁ። ምክር ቤቱ ግን በዚያው ዓመት የግለሰብ ሽያጭም እንዲጣራ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ሕግ በወጣ ማግስት ክስ እንደሚከተለው አይጠፋኝም። ቢሆንም ያን ቀን የተሸነፈው ጠመንጃው ነው፤ ያሸነፈው የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ነው።

ስለዚህ እዚያ ዜግነት ያገኛችሁ ወገኖች፣ ከገዳዩ በፊት ቀዳዳውን የምትደፍኑበት ወረቀት በእጃችሁ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን የምርጫ ቀን ቤት አትዋሉ። እዚህ ያለን ደግሞ ጠመንጃቸውን ትተን ሊያስቀናን የሚገባውን እንወቅ፤ 54 ለ46 ሲሸነፉ እንኳ ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ በስም የሚነገራቸው ሕዝቦች ናቸው።