ቤት ሲቀየር የምትቀረው ድመት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን ይህን ጊዜ ስለሰጠችኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ቁጠባ ደብተራችን ሳይሆን ስለ ድመት ነው። "ሰው ሳይጠግብ ስለ ድመት ይወራል ወይ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴን በለመድኩት በሒሳብ ላቅርብ።

አንዲት ሴት ድመት በአምስት፣ በስድስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ አራት አራት ብትወልድ ስምንት ይሆናሉ፤ ግማሾቹ ሴቶች ከሆኑ በዓመቱ እነሱም ይወልዳሉ። ታዲያ ግልገሎቹን በጆንያ አድርጎ ወንዝ ዳር መጣል ምን ፈየደ? እናቲቱ እቤት ናት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ጆንያ ያስፈልጋል። ከተጣሉት የተረፉትም ሳይከተቡ በየሰፈሩ ያድጋሉ። ድመትም በእብድ ውሻ በሽታ ትያዛለች፤ ልጆቻችንንም ልትነክስ ትችላለች። የተነከሰ ልጅ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። የድመት ጉዳይ የሰውም ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ባለፉት ሁለት ዓመታት የተቀበልኳቸውን ግልገሎች መዝግቤአለሁ። 23 ገቡ፤ 16 ቤት አገኙ፤ 4 ሞቱብኝ፤ 3 እኔ ጋ አሉ። የሞቱት አራቱም ዓይናቸው ሳይገለጥ የተጣሉ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ ግልገል ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ ከወተት በፊት ሙቀት ይፈልጋል። የላም ወተት ደግሞ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው ከእናታቸው አትነጥሏቸው።

አብዛኞቹ የመጡት ከክፉ ሰው ቤት አይደለም። አከራይ "ድመት አልፈልግም" ሲል፣ ወይም ቤት ሲቀየር ዕቃው ተጭኖ ድመቷ ስትቀር ነው። ብዙዎቻችን ተከራዮች ስለሆንን ይህን እናውቀዋለን። ስለዚህ ድመት ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ አከራይሽ ፈቅዷል? አገር ቤት ስትሄጂ ማን ያበላታል? ለአይጥ መርዝ ታደርጊያለሽ? መርዝ የበላ አይጥ ድመትንም ሊገድል ይችላልና። ከሰጠሁ በኋላ በሳምንቱና በወሩ እደውላለሁ። "አልሆነልኝም" ካሉኝ ሳልቆጣ እመልሳታለሁ፤ ከተቆጣሁማ በሚቀጥለው ጊዜ ይጥሏታል እንጂ አይነግሩኝም።

ከማኅበሩ ገንዘብ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሴት ድመት ያላችሁ ተመዝገቡና አብረን ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደን እናስመክናቸው፤ ብዙ ሆነን ስንሄድ በዋጋም መነጋገር እንችላለን። ሦስት ወር የሞላቸውን ሁሉ በዚያው እናስከትባለን። ሁለተኛ፣ ቤት የምትለቅ አባል ድመቷን መውሰድ ካልቻለች ከሁለት ሳምንት በፊት ትንገረን። ሦስተኛ፣ እኔ ጋ ያሉት ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ አራት ወር ሞልቷቸዋል፤ ተከትበዋል። አይጥ እህሏን ያስቸገረባት አባል ከስብሰባው በኋላ ታነጋግረኝ። ሦስቱን ጥያቄ ግን ለእናንተም ቢሆን አልተውም።