ከቀዶ ሕክምና በፊት ምርመራው ለምን ይበዛል?



በየአጥቢያው ስንዘዋወር አንድ አቤቱታ ደጋግመን እንሰማለን። «ለእኅታችን የሆድ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ገንዘብ አሰባሰብን፤ ገንዘቡ በምርመራ አለቀ፤ እርሷም እስከ ዛሬ ኦፕራሲዮን አልተደረገችም» የሚል ነው። ከፍቅር የሚመነጭ አቤቱታ ስለ ሆነ አናቃልለውም። ሆኖም ሐኪሞች የኦቫሪ ካንሰር በሚሉት፣ በሴቶች የእንቁላል ማምረቻ ላይ በሚነሣው ሕመም፣ ቀዶ ሕክምናው መቼ፣ የትና በማን እጅ እንደሚከናወን የሚወስነው ይኸው ምርመራ ነው።

ሕመሙ በሆድ ውስጥ እንደ ተዘራ ጤፍ ይበተናል። በሞራው፣ በአንጀት ሽፋን፣ በጉበት ላይ ይቀመጣል። የሆድ መነፋትና ቶሎ የመጥገብ ስሜት ከምልክቶቹ መካከል ስለ ሆኑ ብዙዎቻችን «ጨጓራ ነው» ብለን እናልፈዋለን (ጨጓራ በአገራችን ያልተሸከመው ኃጢአት የለም)፤ ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከተስፋፋ በኋላ ነው። የቀዶ ሐኪሙ ግብ በዓይን የሚታየውን ዕጢ በሙሉ ማውጣት ነው። ግማሹን አውጥቶ ግማሹን መተው ለታማሚዋ ቁስሉን አትርፎ ጥቅሙን ያሳንስባታል።

የመጀመሪያው እርምጃ አልትራሳውንድና ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራ ነው። የደም ውጤቱ እስከ 35 ድረስ እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1990 የእንግሊዝ ሐኪሞች ሁለቱን ምርመራዎች አንድ ላይ የሚያሰላ ቀላል ዘዴ አቅርበዋል። የደም ውጤታቸው እኩል 100 የሆነ ሁለት ሴቶችን እናስብ። አንደኛዋ የወር አበባ የምታይ ወጣት ናት፤ አልትራሳውንዱም አንድ አጠራጣሪ ምልክት ብቻ አሳየ። 1 በ1 በ100 ሲባዛ 100 ይሆናል። ሁለተኛዋ የወር አበባዋ የተቋረጠ እናት ስትሆን፣ ዕጢው በሁለቱም ወገን ታይቷል፤ ሆዷም ውኃ ቋጥሯል። 3 በ3 በ100 ሲባዛ 900 ይመጣል። በዚህ ስሌት ከ200 በላይ የሆነች ሴት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች እንዳሉት በሴቶች ካንሰር ቀዶ ሕክምና ወደ ሠለጠኑ ሐኪሞች መላክ ይገባታል። የደሙ ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ መንገዳቸው ተለያየ።

የደሙ ቁጥር ብቻውን ግን ያሳስታል። በእርግዝና፣ በወር አበባ ጊዜ፣ ከሁሉ ይልቅ በአገራችን በሚገኘው የሆድ ቲቢ ከፍ ይላል። የሆድ ቲቢ ውኃ ያስቋጥራል፣ ያከሳል፣ ቁጥሩንም ወደ መቶዎች ያደርሳል፤ መድኃኒቱ ግን ክኒን ነው። በአንጻሩ ካንሰሩ ገና በጅምሩ ካለባቸው ሴቶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ቁጥሩ ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ቁጥር አይቶ ለቤተሰብ መርዶ መንገር ወይም «ነጻ ነሽ» ማለት ለማንኛችንም አይገባም።

ቀጥሎ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ሕመሙ ጉበትን፣ ደረትን፣ የአንጀትን ሥር መንካት አለመንካቱን ያሳያል፤ ምንም እንኳ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሱትን ብዙ ጊዜ ቢስታቸው። ምስሉን ያየ ሐኪም ሁሉንም ማውጣት እንደማይቻል ከገመተ፣ ከዕጢው ወይም ከተቋጠረው ውኃ ናሙና አስመርምሮ ኬሞቴራፒን ያስቀድማል፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 ዙር በኋላ ቀዶ ሕክምናው ይከተላል። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ «ተስፋ ቆርጠው ሰደዱን» ይላል። እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአውሮፓና የካናዳ ጥናት ሕመሙ በጣም ከተስፋፋባቸው ሴቶች መካከል ኬሞቴራፒ ያስቀደሙት ቀዶ ሕክምና ካስቀደሙት ያነሰ ዕድሜ እንዳልኖሩ አሳይቷል። ይህን ለቤተሰቡ ማስረዳት ከካህናቱ የሚጠበቅ ነው፤ ከሐኪሙ ይልቅ የንስሐ አባት ይደመጣልና።

የቀሩት የደም ምርመራዎች የደም መጠን፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የደም ዓይነት ናቸው። የኩላሊቱ ውጤት ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ትችለው እንደ ሆነ ይናገራል። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ደም ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ለደም ልገሳ አስቀድሞ ማዘጋጀት ከገንዘቡ የማያንስ እርዳታ ነው። ታማሚዋ ልጃገረድ ከሆነች ሌሎች የደም ምርመራዎች ይጨመራሉ፤ በዚያ ዕድሜ የሚነሣው ዕጢ ብዙ ጊዜ ዓይነቱ የተለየ ሲሆን የመውለድ ተስፋዋን ጠብቆ ማከም ይቻላልና።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤያት ለእንዲህ ያለ ሕመም ገንዘብ ስታሰባስቡ ከመጀመሪያው ምርመራውን፣ መጓጓዣውንና የማረፊያ ቤቱን ኪራይ ደምራችሁ አስቡ። ምርመራውን ለመሸሽ «በአቅራቢያችን ዛሬውኑ የሚቀድ አለ» የሚል ምክር ሲመጣ፣ ሐኪሙ ካንሰር ሆኖ ቢገኝ ሁሉንም ሊያወጣ ይችል እንደ ሆነ ጠይቁ። ታማሚዋም የአልትራሳውንዱን ወረቀት፣ የሲቲ ስካኑን ፊልም ወይም ሲዲ፣ የደሙንም ውጤት ከነቀኑ በአንድ ፖስታ ይዛ ትሂድ፤ የጠፋ ምስል ዳግመኛ ይነሣል፣ ዳግመኛም ያስከፍላል።