ስሙን ቀይሮ የሚመጣ ቆሻሻ



በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ ስንል ጠዋት ጠዋት ከየቤታችን የሚወጣውን አመድና የሽንኩርት ልጣጭ ማለታችን አይደለም። ከፋብሪካ፣ ከነዳጅ ማጣሪያና ከኬሚካል መጋዘን የሚወጣውን፣ ሲነኩት ቆዳ የሚያቃጥለውን፣ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳውን፣ አፈርና ውሃ ውስጥ ከገባ ለዓመታት የማይለቀውን አደገኛ ቆሻሻ ማለታችን ነው።

ይህ ቆሻሻ ለምን ባሕር ያቋርጣል? መልሱ አጭር ነው፤ ዋጋ። በበለጸጉት ሀገሮች ሕጉ ሲጠብቅ መርዝን በአግባቡ ማስወገድ ውድ ሆነ። ስለዚህ አንዳንድ ነጋዴዎች ሕጉ ወደላላበት፣ ኪሱ ወደሳሳ ሰው ደጃፍ ማሻገሩን መረጡ።

እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 የሆነውን እንመልከት። በናይጄሪያ ኮኮ በምትባል ትንሽ ወደብ፣ ከጣሊያን የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ በርሜሎች በአንድ ነዋሪ ግቢ ውስጥ ተከመሩ። ለግቢው የሚከፈለው ኪራይ በወር 100 ዶላር ገደማ ነበር። በርሜሎቹ የያዙት መርዛማ የኢንዱስትሪ ቆሻሻ ነው። ነገሩ እንዲጋለጥ ያደረጉት ጣሊያን ውስጥ ይማሩ የነበሩ ናይጄሪያውያን ተማሪዎች ናቸው። በዚያው ሀገር ጋዜጣ ያነበቡትን ወደ ሀገራቸው ጻፉ። ናይጄሪያ አምባሳደሯን ከሮም ጠራች፤ ጣሊያንም ጭነቱን መልሳ ለመውሰድ ተገደደች።

እንዲህ ያሉ ድርጊቶች ዓለምን አስቆጡ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በማርች 1989 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ፣ አደገኛ ቆሻሻ ከሀገር ወደ ሀገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። ከ1992 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ከ180 በላይ ሀገሮች አባል ሆነውበታል። ሀገራችን ኢትዮጵያ በ2000 ተቀላቅላለች። አሜሪካ በ1990 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችውም።

ወንድሞችና እህቶች፣ የባዝል ስምምነት ብዙ አንቀጾች አሉት፤ መሠረቱ ግን ለማንም የሚገባ ነው። የሰው ደጅ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ያስፈቅዳል። ላኪው ሀገር ምን ሊላክ እንደታሰበ፣ መጠኑን፣ ባሕርይውንና በምን ዘዴ እንደሚወገድ በጽሑፍ ለተቀባዩ ሀገር ያሳውቃል። ጭነቱ የሚያልፍባቸው ሀገሮችም እንዲሁ ይነገራቸዋል። ተቀባዩ በጽሑፍ እሺ ካላለ መርከቡ መነሳት የለበትም። ዝም ማለቱ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። በላኪውና በአስወጋጁ መካከል ውል መኖሩም መረጋገጥ አለበት። ሕግን በመጣስ የተላከ ጭነት በላኪው ወገን ጥፋት ከሆነ፣ ላኪው ሀገር በ30 ቀናት ውስጥ መልሶ እንዲወስድ ስምምነቱ ያስገድዳል። ሕገ ወጥ ዝውውሩም ወንጀል ነው።

ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ግን ይህ አላረካቸውም። «እኛ የምንፈልገው ማስፈቀድን ብቻ ሳይሆን ጨርሶ እንዳይገባ ነው» የሚል አቋም ያዙ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1991 በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ የራሳቸውን ስምምነት አወጡ። የባማኮ ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ከአፍሪካ ውጭ ወደ አባል ሀገሮች እንዳይገባ ይከለክላል። የባዝል ስምምነት የማይመለከተውን የራዲዮአክቲቭ ቆሻሻም ያካትታል። በሥራ ላይ የዋለው በ1998 ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ከጠነከረ መርዙ እንዴት ይገባል? የአቢጃንን ታሪክ እንስማ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ትራፊጉራ የተባለው የነዳጅ ንግድ ኩባንያ የተከራያት ፕሮቦ ኮዋላ የምትባል መርከብ ነበረች። ብዙ ድኝ ያለበት ነዳጅ በመርከቧ ላይ በኮስቲክ ሶዳ ሲታጠብ ክፉ ሽታ ያለው ዝቃጭ ቀረ። በጁላይ ወር አምስተርዳም ላይ ማራገፍ ተጀመረ። ሽታው ሰዉን ሲያስቸግር ተቋራጩ ድርጅት መረመረው፤ ቀድሞ ከጠየቀው ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብም ጠየቀ። ባለጭነቶቹ ይህን አልተቀበሉም። ዝቃጩ ተመልሶ ተጫነ፤ መርከቧም ጉዞዋን ቀጠለች።

በኦገስት 19 አቢጃን ደረሰች። ፈቃድ ካገኘ ገና ጥቂት ጊዜ የሆነው አንድ የአካባቢው ድርጅት በርካሽ ዋጋ ተረከበ። ቦቴ መኪኖች ከ500 ሜትር ኩብ በላይ የሆነውን ዝቃጭ በከተማዋ ቆሻሻ መጣያና ሰዎች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች አካባቢ አፈሰሱት። ሲነጋ ሰዉ በሽታ ታፍኖ ነቃ፤ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የዓይን ማቃጠል፣ የአፍንጫ መድማት። የሀገሪቱ ባለሥልጣናት ከ15 ያላነሱ ሰዎች እንደሞቱ ገለጹ። ሕክምና ፈልገው የመጡት ከ100,000 በላይ ነበሩ። ካቢኔው ከሥልጣን ለቀቀ።

ኔዘርላንድም ኮትዲቯርም የባዝል ስምምነት አባል ነበሩ። ታዲያ ሕጉ ለምን አላቆመውም? ጭነቱ ስሙን ቀይሮ ስለተጓዘ ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈው መርከቦች ታንካቸውን ሲያጥቡ የሚተርፍ ተራ እጣቢ ተብሎ ነው። ከመርከብ የተለመደ ሥራ የሚወጣ እጣቢ ደግሞ በሌላ ስምምነት እንጂ በባዝል አይታይም።

ኩባንያው ዝቃጩ ሰው የመግደል አቅም የለውም ሲል ተከራክሯል። በ2007 ጥፋተኝነቱን ሳይቀበል ለኮትዲቯር መንግሥት ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ። በ2010 የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ቆሻሻውን በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ውጭ በመላክና አደገኛነቱን በመደበቅ 1 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። በ2023 ደግሞ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት የኮትዲቯር መንግሥት የዜጎቹን በሕይወት የመኖርና የጤና መብት አላስጠበቀም ሲል ፈረደ። ልብ በሉ፤ ላኪው ብቻ ሳይሆን በሩን የከፈተውም ተጠያቂ ሆነ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት እናውቃለን። ነጋዴው ዝናብ መትቶት እንደሆነ ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ለምን አላደረግክም ብለው ገሠጹት። ነውሩ እህሉ መርጠቡ ሳይሆን መደበቁ ነበር። በርጥብ እህል ላይ ይህ ከተባለ፣ መርዝን በሌላ ስም ጠቅልሎ ለሰው ልጅ መላክ ምን ይባላል?

በሌላ በኩል ሁሉም በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ ሕጉ ይሠራል። በሀገራችን በየመጋዘኑ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ መድኃኒት ለዓመታት ተከማችቶ ነበር። እዚሁ በአግባቡ የሚያቃጥል ምድጃ አልነበረንም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነትና በለጋሾች እርዳታ 1,500 ቶን ያህሉ ተሰብስቦና ታሽጎ ወደ ፊንላንድ ተጓዘ፤ እዚያም በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። ያም ድንበር ተሻጋሪ ቆሻሻ ነበር። ነገር ግን ተቀባዩ የሚረከበውን ያውቃል፤ ማስወገጃም አለው።

ሕጉም እየጠነከረ ነው። ከበለጸጉት ሀገሮች ወደ ሌሎቹ አደገኛ ቆሻሻ እንዳይላክ የሚከለክለው ማሻሻያ በ1995 ተወስኖ በዲሴምበር 2019 ሥራ ላይ ዋለ። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ብዙ ዓይነት የፕላስቲክ ቆሻሻ፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር ተደርጓል። በሀገራችንም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል።

ሆኖም ወረቀት ዓይን የለውም። የሕጉ ዓይን ሰው ነው። ያገለገለ ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን የምታስመጣ ነጋዴ ወንድማችን፣ የማይሠራ ዕቃ «ያገለገለ» በሚል ስም ተሸፍኖ እንዳይላክብህ አስቀድመህ አረጋግጥ። ግቢህንና መጋዘንህን የምታከራይ፣ በርሜሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቅ ቁልፍ አታስረክብ፤ የኮኮን 100 ዶላር አስታውስ። ሹፌሩም ባልታወቀ ፈሳሽ ላይ «ሌሊት ድፋው» ሲባል እምቢ ይበል፤ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም ለፖሊስ ያመልክት። እናቶችና እህቶች፣ ፀረ ተባይ የነበረበትን ጄሪካን ቢታጠብም ለውሃና ለዘይት አትጠቀሙበት።

የአቢጃን ሰዎች በዚያች ሌሊት ማንም አልጠየቃቸውም። ከመጫኑ በፊት ለመጠየቅና እምቢ ለማለት ሐቅ እንዳለን እንወቅ። እኛም የራሳችንን ቆሻሻ በጎረቤት ደጅ ከመድፋት እንቆጠብ። አላህ (ሱ.ወ.) ሀገራችንንና ጎረቤቶቻችንን ከጉዳት ይጠብቅልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።