ለሕፃናት በእጅ ስለሚሰፋ ስጦታ የተደረገ ንግግር



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ስለ ደብራችን ታሪክና ስለ ሕንፃው አሠራር ቁም ነገር የሚናገሩ ሊቃውንት ስላሉ፥ ለእኔ የደረሰኝ ክፍል ትንሽ ነው። ይኸውም ስለ መርፌና ስለ ክር፥ ስለ ሕፃናትም ልብስ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ግን በክርስትና ቀን ከመጠመቂያው አጠገብ ቆሞ ይመልከት። አንደኛዪቱ እናት ልጅዋን በጥልፍ ያጌጠ ነጭ ቀሚስ አልብሳ፥ ዘመዶችዋንና ጎረቤቶችዋን አስከትላ ትመጣለች። ሁለተኛዪቱ ልጅዋን በተዋሰችው ነጠላ ጠቅልላ ከዓምዱ ኋላ ትቆማለች። ሦስተኛዪቱ ግን አልመጣችም። ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን እንዲጠመቁ የተሠራውን ሥርዓት ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ «ምን አልብሼ እወስደዋለሁ?» ስትል ቀኑ አልፎባት ነው። ቤተ ክርስቲያን በልብስ ምክንያት ማንንም አልከለከለችም። እናቲቱን የከለከላት የእኛ ዓይን ነው።

ስለዚህ ልናገር የተነሣሁበት ነገር አንድ ነው። ለሕፃን የሚሰፋ ነገር ሁሉ ለሕፃኑ ገላ ይሰፋ፤ ለተመልካች ዓይን አይሰፋ። እንዲህ ብናደርግ ወጪው ይቀንሳል፥ ለሕፃኑም ይመቻል፥ ያች የቀረችውም እናት ትመጣለች።

አስቀድሜ ግን ወንዶች ወንድሞቻችን «ይህ የሴቶች ጨዋታ ነው» ብለው ከወንበራቸው እንዳይነሡ አንድ ነገር ላስታውሳቸው እወዳለሁ። በቀድሞው ዘመን በደጋው አገራችን ጥጡን መዳመጥ፥ መንደፍና በእንዝርት መፍተል የሴት ሥራ ሲሆን፥ መሸመንና መስፋት የወንድ ሥራ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውንና ኮሮጆውን ራሱ ይሰፋል። መጽሐፍ የሚጠርዝ ደብተራም ብራናውን በመርፌና በጅማት ያያይዛል። ይስሐቅ ሲንገር የተባለው አሜሪካዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1851 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የስፌት መኪና ወደ አገራችን ከገባ በኋላም፥ በየገበያው በረንዳ መኪና ዘርግተው የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ ዛሬም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። የጥልፍ ሥራ ለልጃገረዶች በትምህርት ቤት እየተሰጠ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ሲሆን፥ በአዲስ አበባ በእቴጌ መነን ስም የተጠራው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ከዚህ የሚቆጠር ነው። እንግዲህ መርፌ መያዝ ለወንድ ነውር ነው የሚለው አሳብ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም፤ ከወዴት እንደ መጣም እንጃ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለአራስ ልጅ ገላ ከሱቅ ከሚገዛ አዲስ ጨርቅ ይልቅ ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ ነጠላ ይሻላል። አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካው የተቀባው ሙጫ ስላለበት ይሻክራል። አሮጌው ነጠላ ግን ባለቤቲቱ ስትለብሰውና ስታጥበው ኖራ ክሩ ስለ ለዘበ፥ ላብንም ስለሚመጥ፥ ለስስ ቆዳ ይስማማል። ደኅና ደኅናው ስፍራ ተመርጦ ቢቆረጥና ቢደረብ ከአንድ ነጠላ ሁለት የክርስትና ቀሚስ ይወጣል። አዲስ ጨርቅ መግዛት ግድ ቢሆን ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባልና ሳይታጠብ የተሰፋ ቀሚስ በሳምንቱ ያጥራል። በቀይ ወይም በጥቁር ክር መጥለፍ የሚፈልግም ክሩን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ያሳድረው፤ ቀለሙ የሚለቅ እንደ ሆነ ጧት ያየዋል። የሸማ ጨርቅ ደግሞ ጠርዙ ቶሎ ስለሚተረተር ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋ።

ብዙ ሰፊዎች የሚሳሳቱት በአንገቱ ላይ ነው። የትልቅ ሰው ቀሚስ ልክ ወስደው በማሳነስ ብቻ ለሕፃን የሚሆን ይመስላቸዋል። ነገር ግን የአራስ ልጅ ራስ የቁመቱ አንድ አራተኛ ያህል ነው፤ የትልቅ ሰው ራስ ግን የቁመቱ አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በዚያ መንገድ የተቆረጠ ቀሚስ ሰውነቱን ይበቃዋል፥ በራሱ ግን አያልፍም፤ እናቲቱም ትጎትታለች፥ ልጁም ያለቅሳል።

ይህ ነገር በክርስትና ቀን ይብሳል። ካህናት አባቶቻችን እንደሚያውቁት ሕፃኑ ከውኃው ከወጣ በኋላ በ36 ሕዋሳቱ ቅዱስ ሜሮን ይቀባል፤ ከዚያም ነጭ ልብስ ይለብሳል። ገላው እርጥብ ነው፤ ጧት ስለ ሆነ ብርድ አለ፤ ከኋላም ሌሎች እናቶች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። በዚህ ሰዓት በራስ ተጎትቶ የሚገባ፥ በጀርባው አሥር ጥቃቅን ቁልፍ የተደረደረበት ቀሚስ ይዞ መምጣት ልጁን ማስበረድ ነው። የክርስትና ቀሚስ ከአንገት እስከ ታች በፊት በኩል ክፍት ሆኖ፥ አንዱ ወገን በሌላው ላይ የሚደረብ ይሁን። እናቲቱ ቀሚሱን በጉልበትዋ ላይ ዘርግታ ልጁን ታስተኛበታለች፤ እጆቹን ታስገባለች፤ ሁለቱን ወገን ደርባ ከጎኑ በአጭር ጥብጣብ ትቋጥራለች፤ አለቀ። ጥብጣቡ ለመቋጠር ያህል ብቻ የሚበቃ ይሁን፤ የሚታሰረውም በጎን እንጂ በአንገት አይሁን።

ጥልፉስ ይቅር ወይ? አይቅር። መስቀል የተጠለፈበት ነጭ ቀሚስ ያማረ ነገር ነው፥ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቀሚሱን ገልብጣችሁ የጥልፉን ጀርባ በጉንጫችሁ አሹት። በፊት ለስላሳ ሆኖ የሚታየው ከኋላ ቋጠሮና የተቆረጠ የክር ጫፍ ነው፤ ወርቀዘቦ ክር ሲሆንማ እንደ እሾኽ ይወጋል። የሕፃኑን ደረት የሚነካው ይህ የማናየው ወገን ነው። ስለዚህ ጥልፍ በጠርዙና በታችኛው ዘርፍ ላይ ይሁን፤ በደረቱ ላይ ካስፈለገም ከውስጡ ስስ የጥጥ ገበር ይደረግለት። ገበር የሌለው ጥልፍ ለእንግዶች የተሠራ ነው እላለሁ።

ስለ እሳትም አንድ ቃል። በቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይበራል፥ በቤትም ከሰልና ሻማ አለ። ሰፊና የተንዘረፈፈ እጅጌ እሳት ይስባል፤ ጥጥም ቢሆን ቶሎ ይያያዛል፤ ናይሎንና የመሳሰለው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ ቀልጦ በቆዳ ላይ ይጣበቃል። እጅጌው እስከ አንጓ ጠበብ ብሎ ይሰፋ።

አሁን የምናገረው ነገር ጥቂት ያስፈራኛል፤ ስለ ማዕተብ ነው። ማዕተብ የክርስቲያን ምልክት ነው፤ ስለ ማሰሩም የሚወስኑት ካህናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን የሕፃናት ሐኪሞች በሚተኛ ሕፃን አንገት ላይ ገመድም ሆነ ጌጥ እንዳይኖር ይመክራሉ፤ የሚጠላለፍ ነገር ቢይዘው ራሱን ማላቀቅ አይችልምና። በአውሮፓም አገሮች እስከ 7 ዓመት ላለ ልጅ በሚሰፋ ልብስ፥ በአንገትና በቆብ ዙሪያ የሚጎተት ገመድ እንዳይገባ በልብስ ሥራ ደረጃ ተወስኗል። አንዳንድ ቤት የማየው ግን ማዕተቡ ረዝሞ እስከ እምብርት ደርሶ፥ በላዩ ላይ መስቀልና ክታብ፥ ቁልፍ የሚያህል ብርም ተንጠልጥሎበት ነው። ይህ ጭነት ከሥርዓቱ የመጣ ሳይሆን ከእኛ የመጣ ነው። ክሩ ቀጭንና አጭር፥ በትንሽ ኃይል የሚበጠስ ጥጥ ቢሆን፥ የሚንጠለጠልበትም ሁሉ ቢቀር፥ ልጁም በሚተኛበት ጊዜ ምን እንደሚደረግ አባቶቻችን ለእናቶች ቢመክሩልን እለምናለሁ። ካህን የተናገረውን እናት ትሰማለች፤ ሰፊ የተናገረውን ግን ትጠራጠራለች።

ቆብን በተመለከተ፥ በተወለደ ጊዜ የሕፃን ራስ ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ዓመት ሲሞላው ወደ 46 ይደርሳል። ስለዚህ ቆቡ ከኋላው ታጥፎ በአላላ ስፌት ይያዝ፤ ራሱ ባደገ ቍጥር እጥፋቱ ይተረተራል። በአገጭ ሥር የሚታሰር ማሰሪያ አይግባበት። እርግብግቢቱን ቅቤ የመቀባት ልማድ ያላቸው አያቶች ባሉበት ቤት ደግሞ ከሐር ይልቅ ተቀቅሎ የሚታጠብ ጥጥ ይመረጥ፤ ይህን ምክር አያቶቹ ባይሰሙብኝ ይሻላል።

አንቀልባ የሚያስጌጡ እኅቶችም አሉ። በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ አንቀልባ የአገራችን ጥበብ ነው፤ ሕፃኑ እግሩን ከፍቶ የእናቱን ወገብ አቅፎ መታዘሉም ለዳሌው መጋጠሚያ መልካም መሆኑን ሐኪሞች ያረጋግጣሉ። ብቻ ዛጎሉ ልጁ አፉን በሚያሳርፍበት በላይኛው ጠርዝ አይሰፋ። ጥርስ የሚያበቅል ልጅ የሚያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ወርዱ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ዕቃ ሁሉ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህም የጨርቅ አሻንጉሊት ስትሰፉ ዓይኑን በቁልፍ አትሥሩት፤ በክር ጥለፉት። ውስጡን ንጹሕ ባዘቶ ሙሉት፤ አፉን ደግሞ ድርብ ስፌት ስፉት። በአንድ ልጅ ስም የተጠለፈ ትንሽ ትራስ ለአራስ ቤት ይዞ መሄድም የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን ዓመት ያልሞላው ልጅ በሚተኛበት ስፍራ ትራስም፥ አሻንጉሊትም እንዳይኖር ይመከራል፤ አፍንጫውን ቢሸፍነው ሊያነሣው አይችልምና። ትራሱን ሰፍታችሁ እንደ ሆነ ለሁለተኛ ዓመት ልደቱ አቆዩለት።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ለትልልቆቹ ይሁን እሺ፤ ለሕፃን ግን ተረቱ አይሠራም። ለጥር 11 ቀን በልኩ የተሰፋ ቀሚስ ለፋሲካ ይጠብበዋል። ስለዚህ በትከሻውና በታችኛው ዘርፍ ሁለት ሁለት ጣት የሚያህል እጥፋት ወደ ውስጥ ይተውለት። በየጊዜው አንዱ ሲተረተር ቀሚሱ ከልጁ ጋር ያድጋል፤ ከርሱም በኋላ ለታናሹ ይተርፋል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ለደብራችን አንድ አሳብ ለማቅረብ ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚጠመቅ ሕፃን ሁሉ፥ የባለጠጋም ይሁን የድኻ፥ አንድ ዓይነት የክርስትና ቀሚስ ከደብሩ እንዲሰጠው ሆኖ ይወሰን። «ለተቸገሩ ብቻ ይሰጥ» የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ አሳባቸው ከርኅራኄ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ለተቸገሩ ብቻ ከተሰጠ ቀሚሱ ራሱ የድኽነት ምልክት ይሆናል፤ ያች ከዓምዱ ኋላ የቆመችው እናት ዛሬ ደግሞ የበለጠ ትሸሸጋለች። ውሰትም አይሁን፤ የተሰጠ ይሁን። ወጪው ከሁሉ ነገራችን ያነሰ ነው፤ አሮጌ ነጠላ የሌለበት ቤት የለምና። የክርስትና አባትና እናት ለልጃቸው ልብስ የመስጠት የቆየ ልማዳቸው እንዳይነካም ቆቡን ለእነርሱ እንተውላቸው፤ በገዛ እጃቸው ቢሰፉት ደግሞ ደስ ይለናል።

ካህናት አባቶች አሳቡን ከተቀበሉት፥ ከበዓሉ በኋላ ባለው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንገናኛለን። አሮጌ ነጠላ ያለው ሰው አጥቦ ያምጣ፤ መቀስና ሜትር ያለውም እንዲሁ። የስፌት መኪና ያላቸው ወንድሞች ረዥሙን ስፌት ይያዙልን፤ ገበሩንና ጠርዙን በእጅ እንሰፋለን። መርፌዎቹን እኔ ቆጥሬ እሰጣለሁ፥ ስንነሣም ቆጥሬ እቀበላለሁ። ቍጥሩ አንድ ቢጎድል፥ መርፌው እስኪገኝ ድረስ የዚያን ቀን አንድም ቀሚስ ከአዳራሹ አይወጣም።