ትንሹ የሚረታበት የካርታ ጨዋታ
(በደብረ ማርቆስ፣ በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የጮቄ ንፋስ በሚበረታባቸው ምሽቶች በየመኝታ ቤቱ ካርታ ሲበወዝ እንደሚያመሽ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ከቤት የተላከች ገንዘብ በአንድ ሌሊት ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ስትሸጋገርም አይተናል። የተረታውም «ዕድሌ ጠማማ ነው» ብሎ ይተኛል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ዕድል ሳይሆን ስለ ሒሳብ ነው። ቁማርን ለማወደስ አልቆምንም፤ እኛ ራሳችን የምንጫወተው በገብስ ቆሎ ነው፤ በቆሎውም ቢሆን የሚኳረፍ አልጠፋም።

ጨዋታው ሎውቦል የሚባለው የፖከር ዓይነት ነው። በተለመደው ፖከር ጥንድ ወይም ተከታታይ ቁጥር የያዘ ሲረታ፣ በዚህኛው ነገሩ ይገለበጥና ከሁሉ ዝቅ ያለ እጅ የያዘው ገንዘቡን ይሰበስባል። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ካርታ ይታደላል፤ አንድ ዙር ገንዘብ ይያዛል፤ ከዚያም ሁሉም በተራው ያልወደደውን ጥሎ በምትኩ ከክምሩ ይስባል፤ ሁለተኛ ዙር ይያዝና ካርታው ይገለጣል። እጅ የሚመዘነው በትልቁ ካርታ ነው፤ ትልቁ እኩል ከሆነ በሚቀጥለው።

ከመቀመጥ በፊት በየትኛው ሕግ እንደሚጫወቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያው ሕግ ኤስ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ተከታታይ መሆንም ሆነ አምስቱም ባንድ ምልክት መሆናቸው አይጎዳም፤ ስለዚህ ምርጡ ኤስ፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ነው። በካንሳስ ሲቲው ሕግ ግን ኤስ ከሁሉ ይበልጣል፤ ተከታታይና ያንድ ምልክት እጅም ይጎዳል፤ ስለዚህ ምርጡ ምልክቱ የተቀላቀለ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 7 ነው። ይህች እጅ ገና ሲታደል የምትመጣው ከ2,548 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ስለሆነ ተቀምጦ የሚጠብቃት ሰው ይሸብታል። ከዚህ በኋላ የምንናገረው በዚሁ በሁለተኛው ሕግ ነው።

ጀማሪ የሚከስረው ብዙ ካርታ በመሳብ ነው። 2፣ 3፣ 4፣ 7 ይዘን አንድ ኪንግ ብንጥል፣ ያላየናቸው ካርታዎች 47 ናቸው። ከነዚህም 5፣ 6 ወይም 8 ቢመጣልን ትልቁ ካርታችን ከ8 አይበልጥም፤ እነርሱም 12 ናቸው። ይህ ከመቶ 25 ያህል ነው። 2፣ 3፣ 7 ብቻ ይዘን ኪንግና ኩዊን ጥለን ሁለት ብንስብ ግን ወደ 9 ይወርዳል። ሦስት የሚስበውንማ አንቁጠረው። እንዲህ ያለ እጅ ሲደርሰን ገንዘብ ሳንጨምር ካርታውን ለቀን መውጣት ይገባናል። «አንዴ ልሞክር» የሚለው ጓደኛችን ሌሊቱን ሙሉ የሚሞክረው ይህንኑ ነው።

በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ ከሁለቱም ፊት ነው፤ የተሸወደ ሰው ባለመቁጠሩ ነው። በካርታ ሁሉም የተሸሸገ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ነገር ለሁሉ ይታያል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ስንት ካርታ እንደ ሳበ ነው። ስለዚህ አዳዩ ትልቅ ብልጫ አለው፤ የሚስበው ሁሉም ከሳቡ በኋላ ነውና። በመጀመሪያ የሚስብ ሰው ግን በጨለማ ይወስናል፤ በዚያ ቦታ ስንቀመጥ የበለጠ መምረጥ አለብን።

ለምሳሌ እኛ አዳይ ሆነን 10፣ 8፣ 6፣ 3፣ 2 ደረሰን እንበል። ተጋጣሚያችን አንድ ካርታ ሳበ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ «10 ምን ያደርግልኛል» ብሎ ይጥለዋል። አሁን የተጋጣሚያችንን ካርታ ገልጠን እንየው፤ ያው 2፣ 3፣ 4፣ 7 ነው፤ የጣለውም ኪንግ ነው። ከቀሩት 42 ካርታዎች እኛን ለመርታት የሚጠቅሙት አራት 5፣ ሦስት 6፣ ሦስት 8፣ አራት 9ና ሦስት 10፣ በድምሩ 17 ናቸው። በቀሩት 25 እኛ እንረታለን። ይህም ከመቶ 60 ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው። አስሩን ብንጥል ግን ከእርሱ የከፋ አራት ካርታ ይዘን እንደ እርሱ አንድ እንስባለን፤ ብልጫው በገዛ እጃችን ወደ እርሱ ዞረ ማለት ነው። እርሱ ምንም ሳይስብ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ክፉ እጅ ይዞ ምንም ሳይስብ በመቀመጥ የሚያስፈራራም አለ፤ ይህ ግን ቆሎ ላይ ብዙ ከለመዱ በኋላ የሚሞከር ነው።

ለመቆየት የምንጨምረውንም መሐል ካለው ገንዘብ ጋር ማመዛዘን አለብን። ከ47 ካርታ የሚጠቅመን 12 ብቻ ከሆነ፣ ለምንጨምረው 1 ብር መሐል ቢያንስ 3 ብር ያህል ሊኖር ይገባል። 1 ብር ከ50 ብቻ ካለ ካርታችን ቢያምርም እንተወዋለን።

በሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችው የጋርዴና ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በካርታ ቤቶችዋ የታወቀች ሆነች። በነዚያ ቤቶች ሎውቦል ለብዙ ዓመታት ዋና ጨዋታ ነበር። ቤቱ በጨዋታው ሳይገባ ከእያንዳንዱ ተጫዋች በየግማሽ ሰዓቱ የመቀመጫ ኪራይ ይቀበል ነበር። እኩል የሚችሉ ሰዎች ሌሊቱን ቢጫወቱ ሲነጋ ሁሉም በኪራዩ ልክ ጎድለው ይነሣሉ። በኛ መኝታ ቤት ኪራይ የለም፤ የሻማና የሻይ ወጪ ግን አለ።

ሐሙስ ማታ ካርታውንና ቆሎውን አዘጋጅተን እንጠብቃችኋለን። የሒሳብ መምህሮቻችን ቢመጡ የመጀመሪያውን አዳይነት ለነርሱ እንለቃለን፤ ከዚያ በኋላ ግን በተራ ነው።