ጊታርና ፔዳል በቆቦ ዳስ
(ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የማስተላለፊያ መስመርና የውኃ ፓምፕ በሚወሳበት ጉባኤ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ፔዳል ለመናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ይመስል ይሆናል። ነገሩ ግን ከሙያችን የራቀ አለመሆኑን አንድ ገጠመኝ ያስረዳልኛል።

በራያ ቆላ፣ ከቆቦ ከተማ አጠገብ በተደረገ ሠርግ ላይ አንድ ወጣት አራት ፔዳሎች ከእግሩ ሥር ደርድሮ ይጫወት ነበር። ዲስቶርሽን የተባለውን በረገጠ ቁጥር ከማጉያው የሚወጣው ጉርምርምታ ዳሱን ይሞላል፤ ከበሮውም፣ ጭብጨባውም፣ እልልታውም ይዋጣል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ዜማውን የት አደረስኸው?» አሉት። ወጣቱ ጥፋቱ የፔዳሉ ርካሽነት ነው ብሎ ስላመነ፣ ውድ ፔዳል ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሮ ነበር። ጥፋቱ ግን ሌላ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጊታሩ ምን ዓይነት ድምፅ መቀበያ አለው የሚለው ነው። ባለ አንድ ጥቅል መቀበያ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከ50 ሄርዙ መስመርና ከትራንስፎርመር የሚፈልቀውን መግነጢሳዊ መስክ አብሮ ይለቅማል። የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው ሃምበከር ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አያይዞ ይህን ጉርምርምታ ያጣፋል። ዲስቶርሽን ምልክቱን 100 ጊዜ ቢያጎላ ጉርምርምታውንም 100 ጊዜ ያጎላዋል፤ ዜማው ጣሪያው ላይ ደርሶ ሲቆረጥ ጉርምርምታው ግን ማደጉን ይቀጥላል። ስለሆነም ባለ አንድ ጥቅል ጊታር የያዘ ሰው ማጉላቱ መጠነኛ የሆነ ፔዳል ይምረጥ፤ ከማጉያውና ከተጠቀለለ የመብራት ገመድም ራቅ ብሎ ይቁም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚጫወተው ቅኝት ነው። ዲስቶርሽን ሁለት ድምፆች ባንድነት ሲገቡበት የድምራቸውንና የልዩነታቸውን ሞገድ ይፈጥራል። 200 እና 300 ሄርዝ ቢገቡ 100 እና 500 ይወለዳሉ፤ እነዚህም ከነባሮቹ ጋር ይስማማሉ። በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ውስጥ ግን የግማሽ ድምፅ ርቀት አለ። 300 እና 318 ሄርዝ አብረው ቢመቱ 18፣ 282፣ 336 የመሳሰሉ ከዜማው ውጭ የሆኑ ድምፆች ይከተላሉ። የሽማግሌው ጥያቄ ምላሹ ከፊሉ እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ቅኝቶች ዲስቶርሽን የሚጠቀም ሰው አንድ ክር ብቻ ይምታ፤ አለዚያም ዋህ-ዋህን ይምረጥ። እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ የቀረበው ይህ ፔዳል አዲስ ድምፅ አይጨምርም፤ ከ400 እስከ 2,000 ሄርዝ ገደማ ያለውን ክፍል እያፈራረቀ ያጎላል እንጂ። የአዲስ አበባ ባንዶች በ1960ዎቹ ዓመታት ከቅኝቶቻችን ጋር ሊያስማሙት የቻሉትም ከዚህ ጠባዩ የተነሣ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ጥያቄ ምቱ ነው። የገደል ማሚቶ የሚሰጠው ዲሌይ ፔዳል ከጭብጨባው ጋር ካልተስተካከለ ጨዋታውን ያፈርሳል። በደቂቃ 120 ጭብጨባ ቢኖር በሁለት ጭብጨባ መካከል 500 ሚሊሰከንድ አለ። የጭፈራችን ምት ብዙ ጊዜ ለሦስት የሚከፈል ስለሆነ፣ ዲሌዩ በ250 ሳይሆን በ333 ሚሊሰከንድ ላይ ቢሆን ከከበሮው ጋር ይገጥማል። ቅደም ተከተሉም አብዛኛውን ጊዜ ዋህ-ዋህ፣ ቀጥሎ ዲስቶርሽን፣ በመጨረሻ ዲሌይ ቢሆን ይመረጣል፤ ዲሌይ ከዲስቶርሽን በፊት ከገባ ማሚቶው ሁሉ አብሮ ይደፈርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። በዚያ ምሽት የማጉያውን መሰኪያ ሳየው ሦስተኛው እግሩ፣ ማለትም የመሬት መስመሩ፣ ተቆርጧል። «ሶኬቱ አልገባ ሲል ቆረጥነው» አሉኝ። የጊታር ክር ከማጉያው ብረት ጋር የተገናኘ ነው፤ እንግዲህ ያ ወጣት ላብ ባጠመቀው እጁ ክሩን ይዞ ከንፈሩን ወደ ማይክሮፎን ሲያስጠጋ በሞት አጠገብ ቆሞ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ፣ በስዋንሲ ከተማ፣ ሌስሊ ሃርቪ የተባለ ጊታር ተጫዋች የመሬት መስመሩ ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ በመድረክ ላይ ሕይወቱ አልፏል።

ስለዚህ ለወጣቱ የሰጠሁት ምክር አጭር ነበር። ለፔዳል ካጠራቀምኸው ገንዘብ አስቀድመህ መሰኪያህን አስጠግን፤ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያም ግዛ፤ ከተረፈህ ፔዳል ትገዛለህ አልሁት። ለእናንተ ለባልደረቦቼ የማቀርበው አሳብም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ሠርግ በተጠራን ጊዜ ከመቀመጣችን በፊት የዳሱን ጄኔሬተርና የማጉያውን መሰኪያ እንመልከት። በቆላው በጋ አፈሩ ሲደርቅ የመሬት ዘንጉ ተቃውሞ እንደሚጨምር የምናውቀው እኛ ነን፤ ጥልቅ አድርጎ መቅበርንና ዙሪያውን ማርጠብን ካላስተማርን ሌላ ማን ያስተምራል?

ዜማውን የት እንዳደረሰው ሽማግሌው ጠይቀውታል። ልጁን የት እንዳደረስነው እኛ እንዳንጠየቅ እንትጋ።