ተሸንፎ የሚቆይ ፓርቲ



በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን ጊጊሪ ያለን ኢትዮጵያውያን ሬዲዮ ስናዳምጥ እናመሽ ነበር። ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ማሸነፉ ሲነገር፣ አገራችን በሁለት ብርቱ ፓርቲዎች ልትሄድ ነው ብለን ተደሰትን። አራት ፓርቲዎች የተጣመሩበት ቅንጅት ግን ከተማዋን ሳይረከብ መሪዎቹ ታሰሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ከተፈቱ በኋላም እርስ በርሳቸው ተለያዩ። እኛም እዚህ ተከፋፍለን በአንድ ለቅሶ ቤት ጎራ ለይተን ተቀመጥን። ዛሬም ያሳፍረናል።

ጎረቤቶቻችን ኬንያውያንም ከዚህ አላመለጡም። በ1995 ዓ.ም. ካኑን ያሸነፈው ናርክ በ1998ቱ ሕዝበ ውሳኔ ሙዝና ብርቱካን ሆኖ ተሰነጠቀ። (ያኔ ሱቃችን ሙዝ የገዛ ሁሉ የመንግሥት ደጋፊ ይባል ነበር።) ኢሕአዴግም ራሱ በ2012 ዓ.ም. ቀርቶ ብልጽግና ተተካ።

እንግዲህ የፓርቲው ቁጥር ሁለት ይሁን አሥር ከመባሉ በፊት፣ የተሸነፈው ቢሮውን ሳይዘጋ፣ ሳይታሰርም ሳይሰደድም፣ አምስት ዓመት ጠብቆ እንደገና የሚወዳደርበትን አገር እንመኛለን። ባለፈው የማኅበራችን ምርጫ ድምፅ ያነሳቸው ወንድሞቻችን ዛሬ ጠዋት ይህን ድንኳን ሲተክሉ ነበር።